የነገሥታት ሞት ዜናና የሕዝብ ምላሽ በኢትዮጵያ

ይህ ጽሑፍ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ባለው ዘመን የነገሥታት ሞት ለሕዝብ እንዴት እንደ ተነገረ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደ ተደበቀና ሕዝቡ እንዴት እንደ ተቀበለው ይገልጻል። ከ1860 እስከ 1967 ዓ.ም. ከሞቱት ነገሥታት መካከል አምስቱ ማለትም ዐፄ ቴዎድሮስ ዳግማዊ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ዐፄ ምኒልክ ዳግማዊ፣ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱና ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቀዳማዊ በዚህ ጽሑፍ ይታያሉ። ከአምስቱ መካከል ሞታቸው ወዲያው ታውጆ በወጉ የተቀበሩት ዘውዲቱ ብቻ ናቸው። ለሌሎቹ ሕዝቡ ያዘነው በወሬ፣ በሥውር ወይም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከእነዚህ ሞቶች ብዙዎቹ በጌምድርን፣ በተለይም ጋይንትን፣ ስማዳን፣ እስቴንና ደብረ ታቦርን የሚያካትተውን የዛሬውን ደቡብ ጎንደር፣ በቅርብ የነኩ ነበሩ።

መርዶና አዋጅ

በአማርኛ የሰው ሞት ለዘመዱ ሲነገር መርዶ ይባላል። መርዶ እንደ ሌላ ወሬ በመንገድ ላይ አይነገርም። ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተጠራርተው፣ ብዙውን ጊዜ ማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ሄደው ያረዱታል። እስከዚያ ድረስ የሰሙት ሁሉ እንዳልሰሙ ሆነው ይቆያሉ። ከተረዳ በኋላ ለቅሶ ይቀመጣል፣ አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች፣ ዘመድ አዝማድ ከያለበት ለቅሶ ይደርሳል። ሬሳው በሌለበት ጊዜ የሟቹን ልብስ፣ ጋሻና ጠመንጃ፣ ፈረሱንም አውጥቶ ማልቀስ የቆየ ልማድ ነው።

የንጉሥ ሞት መርዶ የሚነገረው ለአገር ሁሉ ሲሆን ነጋሪው ቤተ መንግሥቱ ነው። መንገዱም ነጋሪት እየተጎሰመ የሚለፈፍ አዋጅ ነው። ከአዋጆቹ ቃል በጣም የታወቀው «የሞትንም እኛ፣ ያለንም እኛ» የሚለው ነው። ንጉሡ ቢሞቱም መንግሥቱ እንዳልሞተና ሌላ ንጉሥ በአልጋው ላይ እንዳለ በአንድ ቃል ያስታውቃል። ብዙ ጊዜም «ነጋዴ ነግድ፣ ገበሬ እረስ» የሚል ትእዛዝ ይከተለዋል። ይህ ትእዛዝ ሕዝቡ ምን ይፈራ እንደ ነበር ያሳያል። ንጉሥ ሞተ ሲባል ነጋዴው በመንገድ ላይ እንዳይዘረፍ፣ ገበሬውም ጦር እንዳይመጣበት ይሰጋ ነበር።

ስጋቱ መነሻ ነበረው። አልጋ ወራሹ ማን እንደሆነ አስቀድሞ የሚወስን፣ ሁሉም የሚቀበለው ሕግ አልነበረም። በጎንደር ዘመን የንጉሥ ዘር የሆኑ ወንዶች በወኅኒ አምባ ይጠበቁ ስለ ነበር ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ከመካከላቸው አንዱን መርጠው እስኪያወርዱ ቀናት ያልፋሉ። የጦሩም ታማኝነት በአብዛኛው ለንጉሡ ለራሳቸው ስለ ነበር ንጉሡ ሲሞቱ ሠራዊቱ ሊበተን ይችላል። በዚህ ምክንያት ወራሹ እስኪወሰን ድረስ ሞቱን መደበቅ እንደ መንግሥት ጥበብ ይታይ ነበር። መርዶው ከአዲሱ ንጉሥ አዋጅ ጋር አብሮ የሚነገረውም ለዚህ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ (1860 ዓ.ም.)

ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያደረጉት የመጨረሻ ጉዞ በጋይንትና በጨጨሆ አልፎ ወደ ዋድላና ደላንታ የሚወስደውን መንገድ የተከተለ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራውን «ሴባስቶፖል» የተባለውን ትልቅ መድፍ ሠራዊቱ እየጎተተ፣ ለእርሱም መንገድ እየጠረገ ስለ ተጓዘ ጉዞው ወራት ፈጀ። ከመነሣታቸው በፊት ደብረ ታቦርን አቃጥለዋል። በ1850ዎቹ መጨረሻ ጎንደርና የበጌምድር ገጠር በራሳቸው በንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ብዙ ዝርፊያና ቃጠሎ ደርሶባቸው ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በሰበረበት ቀን፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ። በመቅደላ ቤተ ክርስቲያን የተቀበሩት አምባው በጠላት እጅ ሳለ ነው። መርዶውን የሚያውጅ ወራሽ አልነበረም። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ሕፃን ስለ ነበሩ ወደ እንግሊዝ ተወስደው በ1872 ዓ.ም. በዚያው ሞቱ። እቴጌ ጥሩወርቅም ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በመጓዝ ላይ ሳሉ አረፉ።

የሕዝቡ ምላሽ ሁለት መልክ ነበረው። ቤቱ ለተቃጠለበትና ከብቱ ለተዘረፈበት የበጌምድር ገበሬ የንጉሠ ነገሥቱ ሞት የመከራ ማብቂያ ሊመስል ይችላል። በሌላ በኩል እጅ ከመስጠት ሞትን መምረጣቸው ገና ከመጀመሪያው በሙሾና በቀረርቶ ተወስቷል። ጊዜ እያለፈ ሲሄድ ሁለተኛው ምላሽ በረታ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ ቴዎድሮስ ተውኔትና ልብ ወለድ ጽፈዋል። በመቅደላ ከራሳቸው ላይ ተቆርጦ የተወሰደው ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ተመልሶ በአዲስ አበባ በክብር ተቀብሏል።

ዐፄ ዮሐንስ (1881 ዓ.ም.)

የመሐዲስቶች ጦር፣ በአገሩ አጠራር ድርቡሽ፣ በ1880 ዓ.ም. ጎንደር ድረስ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ። ዐፄ ዮሐንስ በቀጣዩ ዓመት ወደ መተማ ዘመቱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው ውጊያ የኢትዮጵያ ሠራዊት የበላይነት ይዞ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስለው ወደ ድንኳናቸው ተወሰዱ፤ ከቁስሉም ሳይድኑ አረፉ። የመቁሰላቸው ወሬ በጦሩ መካከል ሲሰማ ሠራዊቱ ማፈግፈግ ጀመረ። ሽንፈት ላይ ደርሶ የነበረው ድርቡሽም ይህን ሲረዳ ተከታትሎ ሬሳውን ማረከ፤ ራሳቸውንም ቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ላከው።

መተማ ሞትን መደበቅ ለምን ያስፈልግ እንደ ነበር በግልጽ ያሳያል። ውጊያውን የገለበጠው የጠላት ጥይት ብዛት ሳይሆን በገዛ ሠራዊቱ ውስጥ የተሠራጨው ዜና ነው። የሬሳው መማረክ ደግሞ ለሕዝቡ ትልቅ ሐዘን ሆነ። መቃብር ስላልነበረ ሥርዓቱን በሙሉ መፈጸም አልተቻለም። ሞቱም የከብት እልቂቱና ረሃቡ፣ ማለትም ክፉ ቀን የሚባለው ዘመን፣ በጀመረበት ጊዜ ስለ ደረሰ በሰሜኑ ሕዝብ ዘንድ ሁለቱ መከራዎች አብረው ይታወሳሉ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ዜናው እንደ ደረሳቸው ንጉሠ ነገሥትነታቸውን አሳወቁ፤ ሚያዝያ 25 ቀን የውጫሌን ውል ፈረሙ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ዘውድ ጫኑ።

ዐፄ ምኒልክ (1906 ዓ.ም.)

የዐፄ ምኒልክ ሞት በኢትዮጵያ በጣም ለረዥም ጊዜ ከተደበቁት ዜናዎች አንዱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን የሸዋረጋን ልጅ ልጅ ኢያሱን ወራሽ አደረጉ። ከዚያ በኋላ በደረሰባቸው ከባድ ሕመም መናገርና መንቀሳቀስ ተሳናቸው። እቴጌ ጣይቱ ጥቂት ጊዜ ሥልጣኑን ይዘው ቆይተው በ1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እንዲርቁ ተደረገ። እስከ 1906 ዓ.ም. ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት አሉ ወይስ የሉም የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባ በሹክሹክታ የሚነገር፣ የውጭ አገር መልእክተኞችም ለመንግሥቶቻቸው የሚጽፉት ጉዳይ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው በአዋጅ አልተነገረም። ሬሳው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ በሥውር ተቀመጠ፤ ይፋ ለቅሶም አልተደረገም። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ ማስተዳደራቸውን ቀጠሉ። በዚህ ምክንያት ሕዝቡ እንደ ንጉሥ የሚያውቀው ሰው መሞቱን በአፍ ወሬ እያወቀ በግልጽ ማልቀስ ሳይችል ቀረ። ይህም የሆነው የዐድዋ ድል ከተገኘ 18 ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ «እምዬ ምኒልክ» የሚለው ስም በሰው አፍ ላይ ሳለ ነው።

ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ነገሡ። ንግሥቲቱ በአዲስ አበባ የበአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያንን አሠርተው የአባታቸውን ዐፅም በክብር አሳረፉበት። ይፋው ክብር የመጣው ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱና አንቺም (1922 ዓ.ም.)

የዘውዲቱ ሞት ዜና ከበጌምድር ጋር በጣም የተያያዘ ነው። ባለቤታቸው ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ ወንድም የራስ ወሌ ብጡል ልጅ ነበሩ። ዘውዲቱ ሲነግሡ ከባለቤታቸው እንዲለያዩ ተደረገ። ራስ ጉግሣ በደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን ይገዙ ነበር። ከንጉሥ ተፈሪ መኰንን ጋር የነበራቸው ቅራኔ በ1922 ዓ.ም. ወደ ጦርነት አመራ።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በበጌምድርና በወሎ ድንበር አካባቢ በአንቺም በተደረገው ውጊያ ራስ ጉግሣ ሞቱ። በደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ የሚመራው የማዕከላዊው መንግሥት ጦር አውሮፕላን አሰልፎ ነበር። አውሮፕላኖቹ ቦምብ ከመጣላቸው በፊት የራስ ጉግሣን ተከታዮች የሚያወግዝ፣ በአቡነ ቄርሎስ ስም የወጣ የግዝት ጽሑፍ ከሰማይ በትነዋል። አውሮፕላን በኢትዮጵያ የእርስ በርስ ውጊያ ላይ ሲውል ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ይታወቃል።

ንግሥቲቱ ከውጊያው በኋላ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ በአዲስ አበባ አረፉ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። የሁለቱ ሞት መቀራረብ ብዙ ወሬ አስነሣ። አንዳንዶች የባለቤታቸውን መርዶ ሰምተው በድንጋጤ ሞቱ አሉ። ሌሎች መርዶው ሳይነገራቸው በሕመም አረፉ ሲሉ የስኳር በሽታንና ከባድ ትኩሳትን ምክንያት አደረጉ። ተመርዘዋል የሚል ሐሜትም ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ ወደ ሕመሙ ያዘነብላሉ። ሆኖም ወሬው ለዘመናት የቆየው ሕዝቡ «ንግሥቲቱ መርዶውን ሰምተዋል ወይስ አልሰሙም?» የሚለውን ራሱ እንደ ትልቅ ጥያቄ ስላየው ጭምር ነው።

በዚህ ጊዜ የወራሽ ጥያቄ አልነበረም። ተፈሪ መኰንን ከ1921 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ንጉሥ ነበሩ። የንግሥቲቱ ሞት በታወጀ ጊዜ የእርሳቸው ንጉሠ ነገሥትነትም አብሮ ታወጀ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። ዘውዲቱ በበአታ ለማርያም ተቀበሩ። የሚደበቅበት ምክንያት ስላልነበረ ዜናው ሳይዘገይ ተነገረ። በበጌምድር ግን ሕዝቡ በሦስት ቀን ውስጥ የገዢውንም የንግሥቲቱንም ሞት አንድ ላይ መቀበል ነበረበት። ከአንቺም የተመለሰው ዘማች ደግሞ የሽንፈትን ወሬ ይዞ ነው ወደ መንደሩ የገባው። የተገዘተ ሰው ሞት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከባድ ጥያቄ ስለሚያስነሣ በውጊያው ለሞቱት ማልቀስም ቀላል አልነበረም።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ (1967 ዓ.ም.)

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ ከሥልጣን ወረዱ፤ ከዚያ በኋላ በቁጥጥር ሥር ቆዩ። ኅዳር 14 ቀን በዚያው ዓመት ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ስለ ገደለ ለቀድሞው መንግሥት በአደባባይ ማዘን የሚያስከትለው አደጋ የታወቀ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በ83 ዓመታቸው ሞቱ። ዜናው በማግሥቱ በመገናኛ ብዙኃን ተነገረ። መንግሥቱ ሞታቸውን ከሕመምና ቀደም ሲል ከተደረገላቸው ቀዶ ሕክምና ጋር አያያዘው። የቀብር ሥነ ሥርዓት አልተደረገም፤ የተቀበሩበትም ቦታ አልተነገረም። ይህ ከምኒልክ ጊዜ የተለየ ነው። በ1906 ዓ.ም. የተደበቀው ሞቱ ሲሆን በ1967 ዓ.ም. ግን ሞቱ ተነግሮ ሬሳው ተደበቀ። በአገር ቤት ለብዙዎች ምላሹ ዝምታ ነበር። ዝምታው ግን ሁሉም አንድ ስሜት ነበረው ማለት አይደለም። የወሎ ረሃብ መደበቁን ያልረሱና «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡ ወጣቶች ዜናውን ከፍ ባለ ሐዘን አልተቀበሉትም። «ጃንሆይ» ሲሉ የኖሩ ብዙ አረጋውያን ግን በቤታቸው አለቀሱ።

በውጭ አገር ንጉሠ ነገሥቱን እንደ አምላክ የሚያዩት ራስ ተፈሪያውያን ዜናውን አናምንም አሉ። የጃማይካው ድምፃዊ ቦብ ማርሊ ያወጣው «ጃህ ላይቭ» የተባለው ዘፈን ለዚህ ዜና የተሰጠ መልስ ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ዐፅማቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ተቆፍሮ ወጣ። በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በቀረበው ክስም ንጉሠ ነገሥቱ መገደላቸው ተጠቅሷል። ዐፅሙ በበአታ ለማርያም ለዓመታት ከቆየ በኋላ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። መንግሥቱ ሥነ ሥርዓቱ ብሔራዊ ቀብር እንዲሆን አልፈቀደም። የቀድሞ አርበኞች፣ ካህናት፣ የንጉሡ ቤተሰብና ከውጭ የመጡ ራስ ተፈሪያውያን ተገኝተዋል፤ ከእነርሱም አንዷ የቦብ ማርሊ ባለቤት ሪታ ማርሊ ነበሩ። ሞቱ ከተነገረ እስከ ቀብሩ ድረስ 25 ዓመት አልፎ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና የተደበቀ ቀን

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው በመጽሐፈ ግንዘት መሠረት ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል። መታሰቢያው ከሞቱ ቀን ተቆጥሮ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በዐሥራ ሁለተኛው፣ በሠላሳኛው፣ በአርባኛውና በሰማንያኛው ቀን፣ ከዚያም በመንፈቅና በሙት ዓመት ይውላል። ከእነዚህ በሕዝቡ ዘንድ ትልቁ የአርባ ቀን ተዝካር ነው። ለነገሥታት ሲሆን ብዙ ሊቃውንትና ካህናት ተሰብስበው በዜማ ያመሰግናሉ፣ ድሆችም ይመገባሉ።

በጋይንት የሚገኘው ቤተ ልሔም በዚህ ረገድ ልዩ ቦታ አለው። ቤተ ልሔም የቅዱስ ያሬድ ድጓ ማስመስከሪያ ጉባኤ ነው። ከየአውራጃው የመጡ ደቀ መዛሙርት ድጓን በዚያ ተምረው ሲመሰክሩ መምህራን ይባላሉ። የቤተ ልሔም ዜማ ከቆማና ከአጫብር የዜማ ዓይነቶች ይልቅ በሰፊው የተሠራጨ ነው። ስለዚህ ከቤተ መንግሥት ርቆ ያለው ይህ ደብር በየአድባራቱ ለሚቆሙ መዘምራን ምንጭ ሆኖ ኖሯል።

ይህ ሥርዓት የተመሠረተው በቀን ቆጠራ ላይ ነው። የሞቱ ቀን ካልተነገረ አርባው አይታወቅም፤ መቃብሩ ካልታወቀ ደግሞ የሚሳለሙት ቦታ የለም። የነገሥታትን ሞት መደበቅ ሕዝቡን ከዜና ብቻ ሳይሆን ከዚህ ቆጠራም አስቀርቶታል።

ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር

«የሞትንም እኛ፣ ያለንም እኛ» ከሚለው ጋር የሚመሳሰል አባባል በፈረንሳይም ነበር። እዚያ የአንዱ ንጉሥ ሞት ሲነገር «ንጉሡ ሞተ፤ ንጉሡ ለዘላለም ይኑር» ይባላል። የወራሹ ማንነት አስቀድሞ በሚታወቅባቸው አገሮች ግን ሞቱን መደበቅ አያስፈልግም። በ1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የጎበኙት የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ጳጉሜን 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲያርፉ ዜናው በዚያው ቀን ተነገረ፤ ልጃቸውም ወዲያው ንጉሥ ሆኑ። ሕዝቡ አስከሬኑን ለመሰናበት በለንደን ረዥም ሰልፍ ይዞ ታይቷል። በታይላንድ ንጉሥ ቡሚቦል በ2009 ዓ.ም. ሲሞቱ አስከሬናቸው እስኪቃጠል ድረስ የአንድ ዓመት ሐዘን ተይዟል።

የነገሥታቱ መቃብሮች

ዐፄ ቴዎድሮስ መጀመሪያ በመቅደላ ተቀብረዋል፤ በኋላ ዐፅማቸው ወደ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም እንደ ተወሰደ ይነገራል። የዐፄ ዮሐንስ ሬሳ በድርቡሽ እጅ ቀርቷል። ዐፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በአዲስ አበባ በበአታ ለማርያም ይገኛሉ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከባለቤታቸው ከእቴጌ መነን ጋር በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። እቴጌ መነን በ1954 ዓ.ም. ሲያርፉ በዚሁ ካቴድራል በይፋ ሥነ ሥርዓት የተቀበሩ ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱ ከጎናቸው ያረፉት ከ39 ዓመት በኋላ ነው። በአታ ለማርያምና ቅድስት ሥላሴ ዛሬም ለጎብኚ ክፍት ናቸው።